ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይና ብሉቱዝ እምቢ ሲሉ፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ሲል ብዙ ሰው በስልኩ ኢንተርኔት ገብቶ የችግሩን ስም ይፈልጋል፤ ያገኘውን ትእዛዝም ሁሉ እየገለበጠ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ይለጥፋል። አንዱ ካልሠራ ሌላውን ይሞክራል። በዚህ መንገድ ዋይፋዩ ቢመለስ እንኳ የትኛው ትእዛዝ እንደመለሰው አይታወቅም፤ ካልተመለሰ ደግሞ ላፕቶፑ ከመጀመሪያው የባሰ የተዘበራረቀ ቅንብር ይዞ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ከመጠገን በፊት መለየት ይቀድማል። ገመድ አልባ ግንኙነት ተራ በተራ የሚፈጸሙ ብዙ ሥራዎች ውጤት ነው፦ ካርዱ በኮምፒውተሩ ይታያል፣ ሬዲዮው ይከፈታል፣ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) እና ፈርምዌሩ (በካርዱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ይጫናሉ፣ በአካባቢው ያሉ ኔትወርኮች ይታያሉ፣ የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት ያገኛል፣ ራውተሩ የአይፒ አድራሻ ይሰጣል፣ በመጨረሻም የድረ ገጽ ስሞች ወደ አድራሻ ይለወጣሉ። ግንኙነቱ ከእነዚህ በየትኛው ላይ እንደቆመ ከታወቀ፣ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ትእዛዝ አያልፍም።

ስለ ትእዛዞቹ አጻጻፍ አስቀድሞ መግባባት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በራሳችን ፊደል እንደሚነበቡ ተጽፈዋል፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው የሚጻፉት። በጽሑፉ ክፍት ቦታ ያለበት በትእዛዙም ክፍት ቦታ ነው፤ ሰረዝ ያለበት ግን ተገጣጥሞ የሚጻፍ ነው። ለምሳሌ «ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» አምስት ፊደላት ያሉት አንድ ቃል ነው። ትእዛዙ ራሱ አግድም መስመር ሲፈልግ «ጭረት»፣ ከታች የሚሰመር መስመር (_) ሲፈልግ «አንደርስኮር»፣ ነጥብ ሲፈልግ «ነጥብ» የሚል ቃል ገብቷል። «ሱዶ» ብሎ የሚጀምር ትእዛዝ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚሻ የላፕቶፑን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉን ሲጽፉ በስክሪኑ ላይ ምንም ምልክት ባይታይ አይደንግጡ፣ አሠራሩ እንዲያ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ጭነው ከሆነም ከመጀመርዎ በፊት ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩት።

በቅድሚያ፦ ሌላ የኢንተርኔት መስመር ያዘጋጁ

የዋይፋይ ድራይቨር ለመጫን ራሱ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። መውጫው በእጅዎ ያለው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ፤ ከዚያ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖትና ቴዘሪንግ ወደሚለው ክፍል ገብተው ዩኤስቢ ቴዘሪንግን ያብሩ። ሊኑክስ ስልኩን በገመድ እንደመጣ ኔትወርክ ስለሚቆጥረው የዋይፋይ ድራይቨር ሳያስፈልግ ወዲያው ይገናኛል። ስልኩ ራሱ ከዋይፋይ ጋር የተገናኘ ከሆነ ያንኑ ዋይፋይ ያስተላልፋል፤ ካልሆነ የሞባይል ዳታዎን ይጠቀማል። ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ መጀመሪያ ገመዱን ይጠርጥሩ፤ ኃይል ብቻ የሚያስተላልፉና ዳታ የማያስተላልፉ የቻርጀር ገመዶች በየቤቱ አሉ። አይፎንም በገመድ ያገለግላል፤ የግል ሆትስፖቱ ተከፍቶ፣ ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ ለሚለው ጥያቄም በስልኩ ላይ እሺ መባል አለበት።

በሞባይል ዳታ ፓኬጅ የሚሠራ ሰው አንድ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርበታል። እንደ ኡቡንቱ ያሉ ሥርዓቶች መስመር እንዳገኙ ማሻሻያ በራሳቸው ማውረድ ስለሚጀምሩ፣ ለድራይቨሩ ማውረጃ የታሰበው ዳታ ሳይታወቅ ሊያልቅ ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ የዚያን ግንኙነት ዝርዝር ከፍተው የዳታ ገደብ ያለበት መስመር መሆኑን ምልክት ያድርጉ።

አንድ፦ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው ወይስ የኔትወርኩ?

ላፕቶፑን ከመነካካት በፊት ሁለት ሙከራ ይበቃል። በዚያው ዋይፋይ ላይ ስልክዎ ኢንተርኔት ያገኛል ወይ? ላፕቶፑስ ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ይገናኛል ወይ? ስልኩም ካላገኘ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ ወይም የአገልግሎት ሰጪዎን መስመር ይጠይቁ። ላፕቶፑ ከሆትስፖቱ ጋር ያለ ችግር ከተገናኘ ካርዱና ድራይቨሩ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉትን ክፍሎች ዘልለው በቀጥታ ወደ አምስተኛው ይሂዱ።

ሁለት፦ ሊኑክስ ራሱ ምን ይላል?

ተርሚናል ይክፈቱና «ኤን-ኤም-ሲ-ኤል-አይ ዲቫይስ» ብለው ይጻፉ። በዛሬዎቹ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ግንኙነትን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር የሚባለው አገልግሎት ሲሆን፣ ይህ ትእዛዝ አገልግሎቱ የሚያውቃቸውን መሣሪያዎችና ያሉበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። የዋይፋዩ ስም ብዙ ጊዜ «ደብሊው-ኤል-ፒ-3-ኤስ-0» ወይም «ደብሊው-ላን-0» የመሰለ ነው፤ ስሙን በወረቀት ይያዙት፣ በኋላ ያስፈልጋል።

በስሙ አንጻር የሚነበበው ቃል አቅጣጫ ይሰጣል። ዋይፋይ የሚል ዓይነት ጨርሶ ከሌለ ካርዱ አልታየም ወይም ድራይቨር የለውም። «አንአቬይለብል» ከሆነ ሬዲዮው ተዘግቷል ወይም ፈርምዌሩ ጎድሏል። «ዲስኮኔክትድ» ከሆነ መሣሪያው ዝግጁ ነው፣ ያልተሳካው ከአንድ ኔትወርክ ጋር መገናኘቱ ብቻ ነው። «አንማኔጅድ» ማለት ኔትወርክ ማኔጀር ይህን መሣሪያ እንዳይነካ ታዟል ማለት ነው። ይህ በዴቢያን ላይ የተለመደ ነው፦ የመሣሪያው ስም «ኢ-ቲ-ሲ» በተባለው ማውጫ፣ «ኔትወርክ» በተባለው ንዑስ ማውጫ ውስጥ ባለው «ኢንተርፌስስ» ፋይል ላይ ከተጻፈ ኔትወርክ ማኔጀር ለዚያ ፋይል ቦታውን ይለቃል። የዋይፋዩን መስመሮች ከፋይሉ አውጥተው ላፕቶፑን እንደገና ማስነሳት ይበቃል።

ሦስት፦ የተዘጋ ሬዲዮ

«አር-ኤፍ-ኪል ሊስት» የሚለው ትእዛዝ በላፕቶፑ ላይ ያሉትን ሬዲዮዎች ሁሉ ያሳያል፤ ለእያንዳንዳቸውም ሶፍት ብሎክድና ሃርድ ብሎክድ የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ሶፍት በሚለው ፊት «የስ» ካለ መዘጋቱ በሶፍትዌር ነው፣ ምናልባትም ኤርፕሌን ሞድ ሳይታወቅ ተነክቶ ነው፤ «ሱዶ አር-ኤፍ-ኪል አንብሎክ ኦል» ይከፍተዋል።

ሃርድ በሚለው ፊት «የስ» ከሆነ ግን የትኛውም ትእዛዝ አይከፍተውም፤ ከላፕቶፑ አካል ላይ መፈለግ አለበት። ብዙ የቆዩ ዴል ላቲቲዩዶችና ቲንክፓዶች በጎናቸው ወይም በፊት ጠርዛቸው ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አላቸው፤ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። በኤችፒ ላፕቶፖች ደግሞ የዋይፋይ ምልክት ያለበት ቁልፍ በብዙዎቹ ላይ መብራት አለው፤ ብርቱካንማ ከሆነ ተዘግቷል፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ተከፍቷል። በባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከሊኑክስ በፊት በሚነሳው ቅንብር) ውስጥም የዋይፋይ ካርድን የሚያጠፋ ምርጫ ስለሚገኝ እዚያም ይመልከቱ።

ማብሪያ የሌለው ላፕቶፕ ተዘግቷል ብሎ የሚዋሽበት ጊዜም አለ። በአንዳንድ የሌኖቮ አይዲያፓዶች ላይ «አይዲያፓድ-አንደርስኮር-ላፕቶፕ» የሚባለው ሞጁል (የከርነሉ ተጨማሪ ክፍል፤ ከርነል የሊኑክስ እምብርት ነው) የሌለ ማብሪያ እንደተዘጋ አድርጎ ያሳውቃል። «ሱዶ ሞድ-ፕሮብ ጭረት-አር አይዲያፓድ-አንደርስኮር-ላፕቶፕ» ብለው ሞጁሉን ለጊዜው ያውጡትና ዋይፋዩ ከተከፈተ መንስኤው እርሱ ነው። አንዳንድ ልዩ የኪቦርድ ቁልፎች አብረው ሥራ ሊያቆሙ ስለሚችሉ ሞጁሉን ለዘለቄታው ከማገድ በፊት ከርነሉን ማሻሻል ይቀድማል።

አራት፦ ካርዱ፣ ድራይቨሩና ፈርምዌሩ

ከባዱ ክፍል ይህ ስለሆነ በዝርዝር እንሂድበት። «ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ ጭረት-ኤን-ኤን-ኬ» ብለው ይጻፉና ኔትወርክ ኮንትሮለር የሚለውን መስመር ይፈልጉ። በመስመሩ መጨረሻ በቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተከፈሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው የአምራቹ መለያ ነው። 8086 ኢንቴል፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 168ሲ አቴሮስ፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ ነው። ድራይቨር ስንፈልግ የምንተማመነው በላፕቶፑ ሞዴል ሳይሆን በእነዚህ ቁጥሮች ነው፤ በአንድ ሞዴል ስም የተሸጡ ላፕቶፖች የተለያየ የዋይፋይ ካርድ ሊይዙ ይችላሉና። ከዚያ በታች «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ካለ ድራይቨሩ ካርዱን ይዞታል፤ ከሌለ የጎደለው እርሱ ነው።

መስመሩ ጨርሶ ካልታየ ካርዱ ተኝቷል ወይም ከቦታው ላልቷል። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፣ ከዚያም ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ቀላል ቢመስልም ካርዱ ውስጥ የቀረውን ኃይል አውጥቶ ከዜሮ እንዲነሳ ያደርገዋል። ዊንዶውስ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ካለ ደግሞ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን ምርጫ ያጥፉ፤ ዊንዶውስ በዚህ ምርጫ ሲዘጋ በእርግጥ ስለማይዘጋ ካርዱን ሊኑክስ ሊያስነሳው በማይችልበት ሁኔታ ትቶት ሊሄድ ይችላል።

ኢንቴል ካርድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። «አይ-ደብሊው-ኤል-ዋይፋይ» የተባለው ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ ስለሚገኝ ሊጎድል የሚችለው ፈርምዌሩ ነው፣ ወይም ከርነሉ ከካርዱ ያረጀ ነው፤ ለምሳሌ ኤኤክስ210 ከ5.10 በታች በሆነ ከርነል አይሠራም። ለማረጋገጥ «ሱዶ ጆርናል-ሲ-ቲ-ኤል ጭረት-ኬ» ብለው የከርነሉን መዝገብ ይክፈቱ፤ የእዝባር ምልክት ተጭነው «ፈርምዌር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ይፈልጉ፤ ለመውጣት ኪው የሚለውን ፊደል ይጫኑ። ፈርምዌር መጫን አልተሳካም፣ ስሕተት ከዜሮ በታች 2 የሚል መስመር ካዩ ፋይሉ አልተገኘም ማለት ነው። ይሁንና አይቸኩሉ፤ ድራይቨሩ ከአዲሱ ጀምሮ ወደ አሮጌው እየወረደ ብዙ ስሪቶችን ስለሚሞክር፣ ከዚያ መስመር በታች የተጫነ ፈርምዌር ስሪት ከተጻፈ የላይኛው ስሕተት ምንም ጉዳት የለውም። በእርግጥ ከጎደለ በኡቡንቱና በሚንት «ሊኑክስ-ጭረት-ፈርምዌር»፣ በዴቢያን ደግሞ «ፈርምዌር-ጭረት-አይ-ደብሊው-ኤል-ዋይፋይ» የተባለውን ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) ይጫኑ። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 12ኛ ስሪቱ ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ፈርምዌሮች በመጫኛው ውስጥ ያካትታል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ግን ተጠቃሚው ለብቻ መጨመር ነበረበት፣ በአሮጌ ፍላሽ የጫነ ሰው የሚቸገረውም ለዚህ ነው።

ብሮድኮም ሌላ ታሪክ ነው። በርካሽ ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ቢሲኤም43142 በከርነሉ ውስጥ ባሉት ክፍት ድራይቨሮች አይሠራም፤ «ደብሊው-ኤል» የተባለውን የአምራቹን ዝግ ድራይቨር ይፈልጋል። በኡቡንቱ ከስልኩ ጋር በገመድ እንደተገናኙ «ሱዶ ኤ-ፒ-ቲ አፕዴት» ብለው ዝርዝሩን ያድሱ፤ ቀጥለው «ሱዶ ኤ-ፒ-ቲ ኢንስቶል ቢ-ሲ-ኤም-ደብሊው-ኤል-ጭረት-ከርነል-ጭረት-ሶርስ» ይበሉ። በዴቢያን የፓኬጁ ስም «ብሮድኮም-ጭረት-ኤስ-ቲ-ኤ-ጭረት-ዲ-ኬ-ኤም-ኤስ» ሲሆን፣ ከሚጠቀሙት ከርነል ጋር የሚሄደውን የሄደርስ (ድራይቨሩን ለመገንባት የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ፓኬጅም አብሮ ይሻል። ይህ ድራይቨር ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገንባት ስላለበት ከማሻሻያ በኋላ ዋይፋዩ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ሲነሳ በሚታየው የግራብ ዝርዝር ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው ገብተው የቀድሞውን ከርነል ይምረጡ፤ ዋይፋዩ ይመለሳል፣ እርስዎም ማስተካከያው እስኪወጣ ሥራዎን ይሠራሉ።

ፓኬጁ በትክክል ተጭኖም ዋይፋይ ካልመጣ ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) ይመርምሩ። «ሞክ-ዩቲል ጭረት-ጭረት-ኤስ-ቢ-ጭረት-ስቴት» የሚለው ትእዛዝ «ኢኔብልድ» ብሎ ከመለሰ ከርነሉ ያልተፈረመ ሞጁል አይቀበልም። ፓኬጁ ሲጫን አንድ የይለፍ ቃል እንዲያወጡ የሚጠይቀው ለዚሁ ነው፤ ላፕቶፑ እንደገና ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ በሚቆይ ሰማያዊ ገጽ ላይ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መርጠው ያንኑ ቃል መጻፍ አለብዎ። ገጹ ምን እንደሆነ ስላልተነገራቸው ብዙዎች ዝም ብለው ያልፉታል። በኡቡንቱ «ሱዶ አፕዴት-ጭረት-ሴኪዩርቡት-ጭረት-ፖሊሲ ጭረት-ጭረት-ኤንሮል-ጭረት-ኪ» ብለው ሂደቱን መድገም ይችላሉ። ሴኪዩር ቡትን ማጥፋትም ያሠራል፤ እኔ ግን ጥበቃውን ከማጣት ፊርማውን መመዝገብ ይሻላል እላለሁ።

የሪልቴክ ካርዶች ብዙውን ጊዜ ይታያሉ፣ ይገናኛሉም፤ ችግራቸው ደካማነት ነው። በተለይ በኤችፒ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው አርቲኤል8723ቢኢ ከራውተሩ ጎን ካልሆኑ በስተቀር ምንም አላይም የሚልበት ምክንያት አለው፦ ካርዱ ሁለት የአንቴና መሰኪያ እያለው ፋብሪካው አንዱን ብቻ አገናኝቷል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ባዶውን መሰኪያ ያዳምጣል። «ሱዶ ሞድ-ፕሮብ ጭረት-አር አር-ቲ-ኤል-8723-ቢ-ኢ» ብለው ድራይቨሩን ያውጡት፤ ከዚያም «ሱዶ ሞድ-ፕሮብ አር-ቲ-ኤል-8723-ቢ-ኢ ኤ-ኤን-ቲ-አንደርስኮር-ኤስ-ኢ-ኤል=2» ብለው ይመልሱት፤ ለውጥ ካልመጣ በ2 ፈንታ 1 ይሞክሩ። ሲግናሉ ከፍ ካለ «ኢ-ቲ-ሲ» ማውጫ ውስጥ ባለው «ሞድ-ፕሮብ-ነጥብ-ዲ» ንዑስ ማውጫ ስሙ በ«ነጥብ-ኮንፍ» የሚያልቅ ፋይል ፈጥረው «ኦፕሽንስ» የሚል ቃል፣ የድራይቨሩን ስምና ያንኑ ምርጫ በአንድ መስመር ይጻፉ። ለዓመታት ካርዱ አይረባም የተባለ ላፕቶፕ በዚህ አንድ መስመር ብቻ ሊድን ይችላል።

አምስት፦ ስልኩ የሚያየውን ኔትወርክ ላፕቶፑ አያይም

«ኤን-ኤም-ሲ-ኤል-አይ ዲቫይስ ዋይፋይ ሊስት» በዙሪያው ያሉትን ኔትወርኮች ከነቻናላቸውና ከነሲግናላቸው ይዘረዝራል። የእርስዎ ኔትወርክ ብቻ ከጎደለ በመጀመሪያ የሚሠራበትን ባንድ ይጠይቁ። ብዙ የቆዩ ካርዶች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ስለሆነ በ5 ጊጋኸርዝ የተከፈተ ሆትስፖት ለእነርሱ የለም። በአንድሮይድ የሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ባንዱን ወደ 2.4 ይለውጡ፤ በአይፎን «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ያብሩ።

በ2.4 ላይ ሆኖም ካልታየ ራውተሩ በቻናል 12 ወይም 13 ላይ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ቻናሎች በአሜሪካ ደንብ የተገደቡ ሲሆኑ በብዙ ሌሎች አገሮች ይፈቀዳሉ፤ ካርዱ የትኛው አገር እንዳለ ካላወቀ ጥንቃቄውን ይመርጣል። «አይ-ደብሊው ሬግ ጌት» ብለው ሲጠይቁ አገሩ 00 ከተባለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው «ሱዶ አይ-ደብሊው ሬግ ሴት ኢ-ቲ» ብሎ መሞከር ይችላል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ በትልቁ ይጻፋሉ። የኢንቴል ካርዶች ግን ደንቡን የሚወስኑት ራሳቸው ስለሆኑ ይህን ትእዛዝ ላይቀበሉ ይችላሉ። ራውተሩ የእርስዎ ከሆነ ቻናሉን ወደ 1፣ 6 ወይም 11 መለወጥ ከሁሉ ይቀላል።

ስድስት፦ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ይጠይቃል

መጀመሪያ የጻፉትን በዓይንዎ ይዩት፤ በሳጥኑ ጫፍ ያለው የዓይን ምልክት ቃሉን ይገልጠዋል። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከቀረ በላቲን የጻፉ መስሎዎት ፊደላችንን ጽፈው ይሆናል፤ ቃሉ በነጥብ ስለሚሸፈን ይህ በቀላሉ አይታወቅም። ቃሉ ትክክል ከሆነ የተቀመጠውን ግንኙነት ከሴቲንግ ውስጥ ያጥፉትና እንደ አዲስ ይገናኙ፤ ራውተሩ ላይ የተለወጠ ነገር ካለ አሮጌው ቅንብር እንቅፋት ይሆናል።

ይህም ካልረዳ የደኅንነቱን ዓይነት ይመልከቱ። የብሮድኮሙ «ደብሊው-ኤል» ድራይቨር ደብሊውፒኤ3ን አያውቅም፤ ሌሎች የቆዩ ካርዶችም ደብሊውፒኤ2 እና 3 በተቀላቀሉበት ራውተር ላይ ይቸገራሉ። በራውተሩ ወይም በሆትስፖቱ ላይ ደብሊውፒኤ2 ብቻ የሚለውን ይምረጡ። መዝገቡን ማየት ከፈለጉ «ጆርናል-ሲ-ቲ-ኤል ጭረት-ዩ ደብሊው-ፒ-ኤ-አንደርስኮር-ሰፕሊካንት» ይበሉ፤ የተሳሳተ ቁልፍ የሚል መልእክት ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለም በደካማ ሲግናል ሊመጣ ስለሚችል ከራውተሩ ቀርበው ይሞክሩ።

ሰባት፦ ተገናኝቷል ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

እዚህ ላይ ሦስት ፒንግ (መልስ ይመጣ እንደሆነ ለማየት ወደ አንድ አድራሻ የሚላክ ጥያቄ) ሁሉንም ይለያል። «አይ-ፒ ራውት» ብለው «ዲፎልት» በሚለው መስመር ላይ ያለውን የራውተሩን አድራሻ ያግኙ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የመሰለ ነው። መስመሩ ከሌለ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠዎትም፤ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ፣ በመሥሪያ ቤት ከሆኑም የኔትወርክ ባለሙያውን ያነጋግሩ። መሥሪያ ቤቶች የተመዘገበ የማክ አድራሻን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ብቻ የሚያስገቡበት ጊዜ አለ፤ ፌዶራ ደግሞ ከ40ኛ ስሪቱ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ከካርዱ የተለየ የማክ አድራሻ ይሰጣል። ስለዚህ ፌዶራ የሚጠቀም ሰው በግንኙነቱ ሴቲንግ ውስጥ የካርዱን ትክክለኛ አድራሻ እንዲጠቀም ማድረግ አለበት።

መስመሩ ካለ መጀመሪያ ያንኑ የራውተር አድራሻ፣ ቀጥሎ 1.1.1.1ን፣ በመጨረሻ አንድ የድረ ገጽ ስም ፒንግ ያድርጉ፤ «ፒንግ ጭረት-ሲ 4» ብለው ከጀመሩ አራት ጊዜ ሞክሮ በራሱ ይቆማል። አንዳንድ ራውተሮች ለፒንግ መልስ ስለማይሰጡ የመጀመሪያው ብቻ ቢቀር አያሳስብዎ። ሁለተኛው ካልመለሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላፕቶፑ ሳይሆን የመስመሩ ነው፤ ሁለተኛው መልሶ ሦስተኛው እምቢ ካለ ግን ስም የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው የተበላሸው። በግንኙነቱ ሴቲንግ የአይፒቪ4 ገጽ ላይ አውቶማቲክ ዲኤንኤስን አጥፍተው 1.1.1.1 እና 8.8.8.8 ብለው ይጻፉ።

ሦስቱም ሠርተው ብራውዘሩ ብቻ ገጾችን አደገኛ ናቸው እያለ ካልከፈተ ቀኑን ይመልከቱ። በቆየ ላፕቶፕ ውስጥ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የዛሬ ሰርተፍኬት ደግሞ በድሮ ቀን ተቀባይነት የለውም። ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ በየጊዜው ከተመለሰ ባትሪውን ያስለውጡ።

ስምንት፦ እየተቆራረጠ የሚያስቸግር ግንኙነት

በመጀመሪያ የሲግናሉን ጉልበት ይለኩ። «አይ-ደብሊው ዴቭ» ብለው የመሣሪያውን ስምና «ሊንክ» የሚለውን ቃል ሲያስከትሉ ሲግናሉን በዲቢኤም ያሳያል፤ ከዜሮ በታች 50 አካባቢ ጥሩ ነው፣ 70 ደካማ ነው፣ 80 ከደረሰ ችግሩ ርቀት ወይም ግድግዳ እንጂ ሊኑክስ አይደለም።

ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ከተቆራረጠ ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ካርዱ ባትሪ ለመቆጠብ የሚያንቀላፋበት አሠራር ነው። «ሱዶ አይ-ደብሊው ዴቭ» ከዚያም የመሣሪያው ስም፣ ከዚያም «ሴት ፓወር-አንደርስኮር-ሴቭ ኦፍ» ብለው ለጊዜው ያጥፉትና ለአንድ ቀን ይመልከቱ። መቆራረጡ ከቆመ በኡቡንቱ «ኢ-ቲ-ሲ» ማውጫ፣ «ኔትወርክማኔጀር» ንዑስ ማውጫ (ኤንና ኤም የሚሉት ፊደላት በትልቁ ይጻፋሉ)፣ «ኮንፍ-ነጥብ-ዲ» ውስጥ ባለው የፓወርሴቭ ፋይል ላይ 3 የሚለውን ቁጥር ወደ 2 ይለውጡ፤ በኔትወርክ ማኔጀር ቋንቋ 3 አብራ፣ 2 አጥፋ ማለት ነው። ባትሪው ከዚያ በኋላ ትንሽ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል።

ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነሳ ብቻ ከጠፋ «ኤን-ኤም-ሲ-ኤል-አይ ሬዲዮ ዋይፋይ ኦፍ»፣ ቀጥሎም በ«ኦፍ» ፈንታ «ኦን» ብሎ መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ዳግም ማስነሳትን ያስቀራል። በዩኤስቢ 3 መሰኪያ ላይ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ የሚቆራረጥ ከሆነም ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳየው ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርዝ ዙሪያ የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል። ዲስኩን በረዘም ያለ ገመድ ከላፕቶፑ ያርቁት ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ይዙሩ።

ዘጠኝ፦ ብሉቱዝ

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ዋይፋይና ብሉቱዝ በአንድ ካርድ ላይ ቢሆኑም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩት በተለያየ መስመር ነው፤ ዋይፋዩ በፒሲአይ፣ ብሉቱዙ በዩኤስቢ። ስለዚህ ዋይፋዩ እየሠራ ብሉቱዙ ሊጠፋ ይችላል፤ የሚፈለገውም በ«ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» ዝርዝር ውስጥ ነው። ከታየ «አር-ኤፍ-ኪል ሊስት» ላይ አለመዘጋቱን፣ «ሲስተም-ሲ-ቲ-ኤል ስቴተስ ብሉቱዝ» ሲሉም አገልግሎቱ እየሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጆሮ ማዳመጫ ወይም ማውስ አልጣመር ካለ አስቀድመው ከስልክዎ ያላቁት፤ ስልኩ ቀድሞ ከያዘው ላፕቶፑ አያገኘውም። ከላፕቶፑም ከመሣሪያውም የድሮውን ትውውቅ ያጥፉ፣ መሣሪያውን ፔሪንግ ሁኔታ ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ «ብሉቱዝ-ሲ-ቲ-ኤል» ብለው ይግቡ። በውስጡ «ፓወር ኦን»፣ ቀጥሎ «ስካን ኦን» ይበሉ፤ የመሣሪያው አድራሻ ሲታይ «ፔር»፣ «ትረስት»፣ «ኮኔክት» የሚሉትን ቃላት በየተራ ከአድራሻው ጋር ይጻፉ። «ትረስት»ን መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያለ እርሱ መሣሪያው በሚቀጥለው ጊዜ በራሱ ላይመለስ ይችላል። ማዳመጫ ላይ «ፕሮፋይል አንአቬይለብል» የሚል ስሕተት ከመጣ የድምፁ አገልግሎት የብሉቱዝ ክፍል ጎድሎታል፤ ፓይፕዋየር የተባለውን የድምፅ አገልግሎት ለሚጠቀም ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የሚጫነው ፓኬጅ «ሊብስፓ-ጭረት-0.2-ጭረት-ብሉቱዝ» ነው።

ማዳመጫው ተገናኝቶ በስብሰባ ጊዜ ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ ከሆነ አልተበላሸም፤ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ብሉቱዝ ወደ ጥሪ ፕሮፋይል ስለሚዞር የድምፁ ጥራት ይወርዳል። የላፕቶፑን ማይክሮፎን መርጠው ማዳመጫውን ለመስማት ብቻ ቢጠቀሙበት ጥራቱ ይመለሳል። ዊንዶውስም ሊኑክስም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ካሉ ደግሞ በአንዱ ላይ ያጣመሩት መሣሪያ በሌላው ላይ እምቢ ይላል፤ ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ የብሉቱዝ አድራሻ የተለያየ ቁልፍ ስለሚይዙ ነው። በየጊዜው ማጣመር የሰለቸው ሰው ቁልፉን ከዊንዶውስ ሬጂስትሪ (የቅንብሮች ማከማቻ) አውጥቶ በሊኑክስ በኩል መጻፍ ይችላል።

አሥር፦ ካርዱን መለወጥ

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ፣ በተለይም ካርዱ አሮጌ ብሮድኮም ከሆነ፣ በኢንቴል ካርድ መለወጥ የሚቆጭ ወጪ አይደለም። ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ፦ የመሰኪያው ዓይነት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን፣ እንዲሁም ባዮሱ ሌላ ካርድ መቀበሉን። የቆዩ ኤችፒና ቲንክፓዶች ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውጭ የሆነ ካርድ ሲያገኙ አይነሱም፤ ቲንክፓድ ይህን 1802 በሚል የስሕተት ቁጥር ያሳውቃል። እንዲህ ላለው ላፕቶፕ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ አስማሚ ይሻላል። ሲገዙም ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ያለ ቺፕ ይምረጡ፤ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት አውርደው ራስዎ የሚገነቡት ከሆነ በየከርነል ማሻሻያው ሥራውን ይደግሙታል። አንዳንድ የሪልቴክ አስማሚዎች ሲሰኩ በ«ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» ላይ 0ቢዲኤ:1ኤ2ቢ በሚል መለያ እንደ ሲዲ ሆነው ይታያሉ፤ ውስጣቸው የዊንዶውስ ድራይቨር ስለተቀመጠ ነው። በፋይል ማሳያው ላይ ያንን ሲዲ «ኢጀክት» ሲያደርጉት ወደ ዋይፋይነት ይዞራሉ፤ ካልዞሩ «ዩ-ኤስ-ቢ-ጭረት-ሞድስዊች» የተባለውን ፓኬጅ ይጫኑ። የሚቻል ከሆነ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱና ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነስተው አስማሚው ኔትወርኮችን ሲዘረዝር ካዩ በኋላ ይክፈሉ።